ቅጠሉ ጥንድ ነው ወይስ ነጠላ?

ስዊዘርላንድ ውስጥ ሐምሌ ሲገባ ወደ ዩራ ተራሮች እወጣለሁ። አበባ መለየት የጀመርኩት እዚያ ነው። መጀመሪያ የያዝኩትም ጄንሺያናን፣ ሥሩ እሬት እሬት የሚለውን የአበባ ወገን ነበር። ስሙ የጥንቱ የኢሊሪያ ንጉሥ የጌንቲዮስ መታሰቢያ ነው። የስዊድኑ የዕፅዋት ሊቅ ሊኒየስ እ.ኤ.አ. በ1753 ያሳተመው የዕፅዋት መዝገብ ላይም አለ። ዛሬ ከ300 በላይ ዝርያዎች አሉት።

እኔ በቀለም ነበር የምለየው። ሰማያዊ ከሆነ ጄንሺያና ብዬ እጽፋለሁ። ግን ሥሩ ለመድኃኒትና ለአረቄ የሚፈለገው ትልቁ ዝርያ ቢጫ ነው። ሰማያዊዎቹንም ቢሆን በአጉሊ መነጽር ጠጋ ብሎ ማየት ያስፈልጋል። በአንዱና በሌላው የአበባ ቅጠል መሃል እንደ ቀሚስ ሽንሽን ያለች ትንሽ እጥፋት ካለች ጄንሺያና ነው። ጄንሺያኔላ የሚባለው ዘመዱ ይህቺ እጥፋት የለችውም።

ከሁሉም ያስደነገጠኝ ግን ሌላ ነው። ቢጫው ጄንሺያና ለመጀመሪያ ጊዜ እስኪያብብ ዓመታት ይፈጅበታል። እስከዚያው ቅጠሉን ብቻ ነው የምታዩት። አጠገቡ ደግሞ ቬራትረም የሚባል መርዘኛ ተክል ይበቅላል፤ ቅጠሉ ቁርጥ እሱን ነው። ሥሩን ለአረቄ ብለው ቆፍረው የተመረዙ ሰዎች አሉ። እኔም ቬራትረሙን ጄንሺያና ነው እያልኩ ስንት ጊዜ ፎቶ አንስቼዋለሁ! አንድ የአካባቢው ሽማግሌ ናቸው እጄን ይዘው ግንዱ ላይ ያስቀመጡት። «አበባውን ተወው፤ ቅጠሉ ከየት እንደሚወጣ በጣትህ ፈልግ» አሉኝ። ጄንሺያና ላይ ሁለት ቅጠሎች ፊት ለፊት ይወጣሉ። ቬራትረም ላይ አንድ በአንድ፣ እየተፈራረቁ። የቬራትረም ቅጠል ጀርባውን ስትዳስሱት ጸጉራም ነው፤ የጄንሺያና ግን ልሙጥ።

ከዚያ ወዲህ ከእጄ በፊት ዓይኔ አይፈርድም።

ቤት ገብቼ ምደባውን ሳነብ ደግሞ ሌላ ነገር አገኘሁ። የጄንሺያና አስተኔ (ቤተሰብ) ያለበት ክፍለ መደብ፣ ማለትም የተዛማጅ ቤተሰቦች ስብስብ፣ የሚጠራው በራሱ በጄንሺያና ስም ነው። እዚያው ውስጥ ቡና አለ። አጋምም አለ። በማግስቱ ጅማ ለእናቴ በቪዲዮ ደወልኩ።

«እማዬ፣ እስቲ የቡናውን ቅርንጫፍ አሳዪኝ» አልኳት።

ነጠላዋን እየሰበሰበች ወደ ጓሮ ወጣች። አንዱን ቅርንጫፍ ጎንበስ አድርጋ ወደ ስልኩ አስጠጋችው።

«ጥንድ ጥንድ ነው እኮ ልጄ፤ ድሮም እንደዚሁ ነው» አለችኝ።