ወንዝ እየተከተሉ ዓለምን ማየት

የሳተላይት ካርታ ለመጀመሪያ ጊዜ የከፈተ ሰው የሚያደርገው ነገር ተመሳሳይ ነው። የራሱን ቤት ጣሪያ ይፈልጋል። ቀጥሎ ፒራሚዶቹን፣ ኤቨረስትን ያያል። ከዚያ ሉሉን ሁለት ሦስት ጊዜ ያሽከረክርና ይዘጋዋል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያቆማል። እኔ ግን ዋናው ነገር ገና ከዚህ በኋላ ነው የሚጀምረው ባይ ነኝ።

ለእኔ ነገሩን የለወጠው አንድ ቀላል ልማድ ነው። ከቦታ ቦታ መዝለሉን ትቼ አንድ መስመር መከተል ጀመርኩ። መስመሩ ወንዝ ሊሆን ይችላል፤ የባቡር ሐዲድ፣ የባሕር ዳርቻ ወይም የበረሃ መንገድም ይሆናል። መስመር ስትከተሉ ያላሰባችሁት ነገር መንገድ ላይ ይገጥማችኋል። ዝነኛ ቦታ ብቻ የሚፈልግ ሰው ዝነኛ ቦታ ብቻ ነው የሚያገኘው።

ከሁሉም አብልጦ ያስተማረኝ አሙ ዳርያ ነው። ይህ ወንዝ ከፓሚር ተራሮች በረዶ ይነሳል። በአፍጋኒስታንና በታጂኪስታን ድንበር ላይ በጠባብ ሸለቆ ይወርድና ወደ ቱርክሜኒስታንና ኡዝቤኪስታን በረሃ ይገባል። ወንዝ ወደ ታች በወረደ ቁጥር ይሰፋል፤ የለመድነው እንዲህ ነው። አሙ ዳርያ ግን በረሃው ውስጥ እየቀጠነ ይሄዳል። ለምን? ዙም አድርጋችሁ ግራና ቀኙን እዩ። ቀጥ ያሉ ቦዮች ከወንዙ እየተገነጠሉ ይወጣሉ። ትልቁ የካራኩም ቦይ ሲሆን ከ1,300 ኪሎ ሜትር በላይ በረሃውን አቋርጦ ወደ ምዕራብ ይሄዳል። በየቦዮቹ ዙሪያ አረንጓዴ ማሳ ተዘርግቷል። ከኑኩስ ከተማ በኋላ ወንዙ ክር ያክላል። ከዚያ ጭራሹን ይጠፋል።

ከሚጠፋበት ብዙም ሳይርቅ ሞይናክ የምትባል ከተማ አለች። ድሮ የዓሣ ማስገሪያ ወደብ ነበረች። ዛሬ ዙሪያዋ አሸዋና ጨው ነው። ጠጋ ብላችሁ ካያችሁ የዛጉ መርከቦች አሸዋ ላይ ተደርድረው ይታያሉ። የአራል ባሕር ከ1960ዎቹ ጀምሮ እየሸሸ የሄደው የሶቪየት መንግሥት ወደ ባሕሩ የሚፈሱትን ሁለት ወንዞች፣ አሙ ዳርያንና ሲር ዳርያን፣ ለጥጥ መስኖ ስላዋላቸው ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ይህንን ቀድሞም አንብቤዋለሁ። ግን ወንዙን ከተራራው ጀምሮ ተከትሎ ወርዶ መጨረሻው ላይ ባሕሩን ማጣት ሌላ ነገር ነው። ያንገበግባል።

ደግነቱ ወደ ሰሜን ከፍ ስትሉ የሚያጽናና ነገር አለ። ካዛኪስታን ውስጥ 13 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝም ቀጭን መስመር ታያላችሁ። በ2005 ሥራው የተጠናቀቀው የኮክ አራል ግድብ ነው። ከመስመሩ በስተሰሜን ሰማያዊ ውሃ አለ። በስተደቡብ ነጭ ጨው። ግድቡ የሲር ዳርያን ውሃ ይዞ በማስቀረቱ ሰሜናዊው አራል አንሰራርቷል፤ ዓሣውም ተመልሷል። በአንድ ስክሪን ላይ የጥፋትና የጥገና ልዩነት እንዲህ ጥርት ብሎ የሚታይበት ቦታ ብዙ አላውቅም።

ከዚህ ጉዞ በኋላ አንድ ሕግ አወጣሁ። መጀመሪያ አያለሁ፣ ቀጥሎ እገምታለሁ፣ ከዚያ በኋላ ነው የማነብበው። ለምሳሌ ሊቢያ ውስጥ አል ኩፍራ ዘንድ በረሃው መሐል ፍጹም ክብ የሆኑ አረንጓዴ ነገሮች ተሰልፈዋል። ስለ ቦታው ከማንበቤ በፊት በካርታው የርቀት መለኪያ አንዱን ለካሁት። ስፋቱ ወደ 1 ኪሎ ሜትር ነው። እንዲህ ክብ የሚሆነው ምን ቢሆን ነው? መሐሉ ላይ የተተከለ፣ ዙሪያውን እየዞረ የሚያጠጣ ረጅም የመስኖ ክንድ ነው። ውሃው የሚመጣው ከሥር ነው። ሰሐራ እርጥብ በነበረበት ዘመን የተጠራቀመ የከርሰ ምድር ውሃ ነው፤ ዛሬ ዝናብ አይተካውም። ገምቶ ያነበቡት ነገር ከአእምሮ አይወጣም።

መሣሪያን በተመለከተ ጎግል ኧርዝ ለጥራት የሚስተካከለው የለም። ነፃ ነው፤ የድሮ ምስሎችንም ያሳያል። ግን አንድ መታወቅ ያለበት ነገር አለ። የምታዩት ምስል በአንድ ቀን የተነሳ አይደለም፤ የተለያየ ጊዜ ምስሎች ተገጣጥመው የተሠራ ነው። ጎረቤት የሆኑ ሁለት ሰፈሮች በዓመታት ልዩነት ተነስተው ሊሆን ይችላል። በጣም ጥርት ያሉት ደግሞ ብዙ ጊዜ ከአውሮፕላን የተነሱ ናቸው። ስለዚህ ምንም ነገር ከመደምደሜ በፊት ምስሉ መቼ እንደተነሳ አያለሁ።

ቀኑ ራሱ ወሳኝ ሲሆን የሳተላይት ምስሎችን በየቀናቸው ወደሚያሳየው ድረ ገጽ፣ ወደ ኮፐርኒከስ ብራውዘር እሄዳለሁ። የአውሮፓ ሴንቲነል 2 ሳተላይቶች አንድን ቦታ በየ5 ቀኑ ገደማ ያነሱታል። አንድ ፒክስል፣ ማለትም የምስሉ ትንሿ ነጥብ፣ 10 ሜትር ስለሆነ መኪና አይታይም፤ ጎርፍ፣ የሰደድ እሳት፣ የደረሰ እህል ግን ይታያል። ወደ ኋላ ርቆ ለመሄድ ደግሞ የአሜሪካው ላንድሳት አለ። የመጀመሪያው በ1972 ነው የመጠቀው፤ ክምችቱም ከ2008 ጀምሮ ለሁሉም በነፃ ተከፍቷል። ይህ ውሳኔ ለእንደኔ ዓይነቱ ሰው ትልቅ ስጦታ ነው።

ዓይን ግን ይታለላል። ከሰሜን ንፍቀ ክበብ በተነሱ ምስሎች ላይ ሸለቆ እንደ ተራራ፣ ተራራ እንደ ሸለቆ ሆኖ የሚታይበት ጊዜ አለ። እዚያ ፀሐይ ባብዛኛው ከደቡብ ስለምታበራ ጥላው በካርታው ላይ ወደ ላይ ይወድቃል። አእምሯችን ደግሞ ብርሃን ከላይ መምጣቱን ነው የለመደው። መፍትሔው ካርታውን ማዞርና ደቡቡን ወደ ላይ ማድረግ ነው። ወይም ወንዙን ፈልጉ፤ ወንዝ ያለበት ዝቅተኛው ቦታ ነው። ጠፍጣፋው ካርታ ስፋትንም ያዛባል። ግሪንላንድ አፍሪካን የምታክል ትመስላለች፤ አፍሪካ ግን 14 እጥፍ ገደማ ትበልጣታለች። የስፋት ነገር ሲሆን ሉሉ ላይ ነው ማየት።

ካርታው ላይ ስም ተጻፈ ማለትም ቦታው አለ ማለት አይደለም። በአውስትራሊያና በኒው ካሌዶኒያ መካከል ሳንዲ የሚባል ደሴት በካርታዎች ላይ ለረጅም ጊዜ ነበር፤ ጎግል ላይም ጭምር። በ2012 የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች በመርከብ ሄደው ቢያዩ ከ1,000 ሜትር በላይ ጥልቀት ያለው ባሕር ሆኖ ተገኘ።

በተቃራኒው ማንም ልብ ያላለውን ነገር ከላይ ሆኖ ማግኘትም ይቻላል። ጁልያን ቤይሊስ የተባለው ተመራማሪ ሞዛምቢክ ውስጥ የማቡ ተራራን ጫካ ያስተዋለው ጎግል ኧርዝ ላይ ነው። በ2008 ትልቅ የጥናት ቡድን ገብቶ በሳይንስ የማይታወቁ ቢራቢሮዎችና ሌሎች እንስሳት አገኘበት። በእርግጥ የአካባቢው ነዋሪዎች ጫካውን ድሮም ያውቁት ነበር። በ2009 ደግሞ የብሪታኒያ ተመራማሪዎች በአንታርክቲካ አዳዲስ የንጉሠ ነገሥት ፔንግዊን መንጋዎችን በላንድሳት ምስል አገኙ። ፔንግዊኑ አይታይም። የሚታየው ኩሱ ነው፤ ነጩ የባሕር በረዶ ላይ ቡናማ እድፍ ሆኖ። ያን እድፍ ስፈልግ ምሽቴ ሳላውቀው ያልፋል። ፀሐይ ተመልሳ በረዶው ገና ሳይሰበር፣ መስከረምና ጥቅምት አካባቢ ያሉትን ምስሎች ምረጡ።

አሁን የያዝኩት ፔሩ ውስጥ ያለውን የኡካያሊን ወንዝ ነው። አማዞን ጫካ ውስጥ እየተጠማዘዘ የሚሄድ ቡናማ ወንዝ ነው፤ አንድ ቦታም አርፎ አይተኛም። ፑካልፓ ብላችሁ ፈልጉና የየዓመቱን ምስል እንደ ፊልም በሚያሳየው በጎግል ኧርዝ ታይምላፕስ ከ1984 ጀምሮ አጫውቱት። የጥምዝምዙ ውጪ ያለው ዳርቻ ይበላል፣ ውስጡ ላይ አሸዋ ይከመራል። ጥምዝምዙ እየሰፋ ሄዶ አንገቱ ላይ ይገናኝና ወንዙ አቋራጭ ያበጃል። የተተወው ጥምዝምዝ የማጭድ ቅርጽ ያለው ሐይቅ ሆኖ ይቀራል። በወንዙ ግራና ቀኝ ያሉትን እነዚህን ሐይቆች እያያችሁ የትኛው አዲስ፣ የትኛው አሮጌ እንደሆነ ለመገመት ሞክሩ። አሮጌዎቹ በደለል እየተሞሉ አረንጓዴ ለብሰዋል።