ሐረጎን እንደ ሹፌር መቅረጽ፦ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሞተር ሳይክል

አባቴ ጡረታ ከመውጣቱ በፊት በአሰብ መስመር ተሳቢ መኪና ያሽከረክር ነበር። አሰብ እ.ኤ.አ. በ1998 በተነሳው ጦርነት ለኢትዮጵያ ጭነት እስኪዘጋ ድረስ በኮምቦልቻ በኩል ስንት ጊዜ እንዳለፈ ቆጥሮት አያውቅም፤ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ እህል ጭኖ የወጣባቸውን ቀናት ግን በሁለቱ ከተሞች መካከል ባለው የሐረጎ ዳገት ኩርባዎች ያስታውሳቸዋል። አሁን ጉልበቱ ስለደከመ ከሐዋሳ ርቆ አይሄድም። ባለፈው ጥቅምት ወደ ደሴ ልሄድ መሆኑን ስነግረው የጠየቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ «ሐረጎን ቀርጸህ አሳየኝ፤ ግን እንደ ሹፌር ሆነህ ቅረጸው።» ይህ ማስታወሻ ያንን ቃል ለመፈጸም ስለደከምኩባቸው ቀናት ነው።

ካሜራውን የመረጥኩት ከመነሳቴ አንድ ወር ቀደም ብዬ ነው። መጀመሪያ ያሰብኩት ስልኬን በሞተሩ መሪ ላይ አስሬ መቅረጽ ነበር፤ ሐዋሳ ውስጥም ለጥቂት ሳምንታት እንዲሁ አድርጌ ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ስልኩ ምስል ማጥራት እያቃተው፣ ቆሜ ስቀርጽ እንኳ ስክሪኑ ላይ ያለው ሁሉ እየተርገበገበ አስቸገረኝ። ምክንያቱን የተረዳሁት አፕል እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2021 ያወጣውን ማሳሰቢያ ሳነብ ነው። ስልኬ የዚያ ኩባንያ ሥሪት ባይሆንም አሠራሩ ተመሳሳይ ነው፦ የእጅ መንቀጥቀጥን ለማካካስ ሌንሱ በማግኔት ኃይል እንዲንቀሳቀስ ተደርጎ ይሠራል፤ ጉልበት ያለው የሞተር ሳይክል ንዝረት በሻንሲውና በመሪው አድርጎ ሲደርሰው ይህ ስስ አካል እየተጎዳ ይሄዳል። በሞተር ላይ መቅረጽ የሚፈልግ ሰው ስልኩን ኪሱ ውስጥ ቢተወው ይሻለዋል የምለው ከዚህ የተነሳ ነው።

ስለዚህ የሚንቀሳቀስ ሌንስ የሌለው፣ ምስሉን በስሌት የሚያረጋጋ አክሽን ካሜራ (በእንቅስቃሴ ላይ ለመቅረጽ የሚሠራ ትንሽ ካሜራ) ፈለግሁ። ጎፕሮ የተባለው የካሜራ አምራች ሃይፐርስሙዝ የሚለውን ማረጋጊያ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2018 በሂሮ 7 ብላክ ሲሆን፣ ከፊት ለፊትም ስክሪን ያለው ካሜራ ሌላው አምራች ዲጄአይ በ2019፣ ጎፕሮ ደግሞ በ2020 በሂሮ 9 አወጡ። ያገለገለ ሂሮ 9 በ26,000 ብር ገዛሁ። ሻጩ 5ኬ በሚባለው ከፍተኛ የምስል ጥራት መቅረጽ እንደሚችል ደጋግሞ ቢነግረኝም ለእኔ ግን ከእሱ ዝቅ ያለው 4ኬ በሰከንድ 30 ምስል ይበቃኛል፤ በሰከንድ 60 ሜጋቢት፣ ማለትም 7.5 ሜጋባይት፣ ሲቀርጽ በሰዓት 27 ጊጋባይት ያህል ስለሚወስድ ባለ 64 ጊጋባይት ካርድ ከሁለት ሰዓት በላይ ይይዝልኛል። ካርዱ ላይ ቪ30 የሚል ምልክት መኖሩን ማየት ግን ግድ ነው፤ ይህ ምልክት በሰከንድ ቢያንስ 30 ሜጋባይት መጻፍ እንደሚችል ያረጋግጣል፣ ከዚያ የዘገየ ካርድ ቀረጻውን መሀል ላይ ሊያቋርጠው ይችላል።

ከሐዋሳ እስከ ደሴ ስላለው መንገድ የምጽፈው የለኝም፤ ከአዲስ አበባ በኋላ ያለውን 400 ኪሎ ሜትር ገደማ አብዛኛውን ተኝቼ አለፍኩት።

የመጀመሪያው ሌሊት ክፉ ነበር። ያረፍኩበት ፔንሲዮን መስኮቱ አይገጥምም፤ ብርድ ልብስ ጨምሩልኝ ብዬ ብጠይቅም ያገኘሁት ስስ አንሶላ ነው። ሐዋሳ ላይ በጥቅምት ሌሊት በአንዲት ነጠላ የሚተኛ ሰው፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ፣ በጦሳ ተራራ ግርጌ ማደር ምን ማለት እንደሆነ አስቀድሞ ሊገምት ይገባው ነበር። እንቅልፍ ስላጣሁ ተነስቼ የካሜራውን ማሰሪያ ከሄልሜቴ አናት ላይ ለጠፍኩት። ጠዋት ስነሳ ማሰሪያው ወለሉ ላይ ወድቆ፣ ማጣበቂያው አቧራ ጠጥቶ አገኘሁት። ጥፋቱ የማጣበቂያው አልነበረም። እንዲህ ያለው ባለ ሁለት ፊት ማጣበቂያ ጥሩ አድርጎ የሚይዘው ከ21 እስከ 38 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለ ሙቀት ውስጥ፣ በአልኮል በተጠረገ ደረቅ ገጽ ላይ ሲለጠፍ ነው፤ ሙሉ ጉልበቱን ለማግኘትም እስከ 72 ሰዓት ይፈልጋል። እኔ በብርድ፣ ላብና አቧራ በነካው ሄልሜት ላይ ለጥፌ፣ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ እንዲይዝልኝ ጠበቅሁ።

ፒያሳ ወጥቼ በአንድ ሱቅ ለሄልሜት አገጭ የሚሆን ጎባጣ ማሰሪያ ከነማያያዣው በ1,900 ብር ገዛሁ። ሁለት ሱቅ አልፌ ያንኑ ዕቃ በ750 ብር ተሰቅሎ አየሁት። ተመልሼ ስጠይቅ ባለሱቁ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» ብሎ ፊቱን ወደ ሌላ ደንበኛ አዞረ። ሰው ዋጋ መከራከር ስለማይችል ከእጥፍ በላይ ሊከፍል አይገባም ብዬ ስለማምን፣ ያ ነገር ቀኑን ሙሉ ከውስጤ አልወጣም፤ አሁንም ስጽፈው ያናድደኛል።

ሞተሩ የአክስቴ ልጅ ንብረት ነው፤ ባለ አንድ ሲሊንደር 150 ሲሲ። አዲሱ ማጣበቂያ ጊዜ ስለሚፈልግ፣ በሻንጣዬ በነበረው ማሰሪያ ካሜራውን መሪው ላይ በቡሎንና በዳዶ አጥብቄ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ገደማ ወደ ኮምቦልቻ ወረድኩ። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከ600 ሜትር በላይ ስለሚወርድ ጆሮ ይደፈናል፣ ከኩርባ ወደ ኩርባ አየሩ ይሞቃል። ወደታች የቦርከና ሸለቆ ጭጋግ ለብሶ ይታይ ነበር። በደስታ ነዳሁ። ኮምቦልቻ ደርሼ ምሳ ከመብላቴ በፊት አንድ ቁራጭ በቴሌግራም ለአባቴ ላክሁለት።

መልሱ ፈጥኖ መጣ። «ተራራውን አየሁት፤ መንገዱን ግን አላየሁትም። ማርሽ ስትቀይርም አልሰማሁም፤ የምሰማው ነፋስ ብቻ ነው።»

ምሳዬን ትቼ ቀረጻውን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አየሁት፣ አባቴም ልክ ነበር። ሦስት ጥፋቶች ነበሩበት። አንደኛው ንዝረቱ ነው፦ ብርሃን የሚቀበለው የካሜራው ሴንሰር ምስሉን በአንድ ጊዜ ሳይሆን መስመር በመስመር ስለሚያነብ፣ የአንዷ ሲሊንደር ምት መሪውን ሲያርገበግበው የመንገዱ ጠርዝና የኤሌክትሪክ ምሰሶዎች እንደ ውኃ ላይ ጥላ ይወላገዳሉ፤ ይህን ማረጋጊያው አያስተካክለውም። ሁለተኛው ፀሐይ ነው፦ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርድ ሰው ፊቱ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ስለሆነ የጠዋት ፀሐይ በቀጥታ ሌንሱ ውስጥ ትገባለች። ሦስተኛው ግን ከሁለቱም የባሰ ነው። መሪ ላይ የታሰረ ካሜራ የሚያየው ሞተሩ ያፈጠጠበትን ነው። ሹፌር ኩርባ ውስጥ ሲገባ ዓይኑ ከመኪናው ቀድሞ የኩርባውን መውጫ ይፈልጋል፤ በዚያች ቅጽበት ካሜራዬ ያየው የነበረው በአንዱ በኩል ገደሉን፣ በሌላው በኩል የተቆረጠውን ድንጋይ ነው። አባቴ መንገዱን ያላየው መንገዱ ስላልተቀረጸ ነው። ካሜራው ከራሴ ጋር መዞር ነበረበት።

ራስ ላይ ከተባለ ደግሞ አናት አይሆንም። ሂሮ 9 158 ግራም ይመዝናል፤ ይህ ክብደት አናት ላይ ሲቆም ነፋስ እየገፋው አንገትን ያደክማል፣ እይታውም ከሹፌሩ ዓይን በላይ ሆኖ መንገዱን ከፎቅ እንደሚያይ ሰው ያደርገዋል። አገጭ ላይ ሲሆን ግን ከዓይን ትንሽ ዝቅ ብሎ መሪውንና እጆቹን ጭምር ይይዛል፤ መሪው በምስሉ ግርጌ ሲታይ ነው ተመልካች ማጋደሉን የሚያውቀው።

ኮምቦልቻ በርበሬ ወንዝ አካባቢ አንድ ጎሚስታ ቤት ገባሁ። ባለቤቱ በዕድሜ ከአባቴ ብዙም አያንሱም። የምፈልገውን ሳስረዳቸው አብሯቸው የሚሠራው ወጣት የሄልሜቱን አገጭ በመሰርሰሪያ በስቶ በቡሎን እንደሚያስረው ነገረኝ። እሳቸው ከለከሉት። «ሄልሜት ከተበሳ ሄልሜት አይደለም» አሉት፤ እኔም ያንኑ አስብ ነበር። መብሳት ቅርፊቱን ያዳክመዋል፤ በቡሎን የታሰረ ካሜራም ሰው ሲወድቅ ተገንጥሎ በመቅረት ፋንታ መሬት ይዞ አንገትን ሊጠመዝዝ ይችላል። እንዲለቅ ሆኖ መታሰሩ ይሻላል።

ከአሮጌ ካላማዳሪያ አንድ ጣት ስፋት ያለው ቀለበት ቆረጡና በአገጩ ዙሪያ አስገብተው በማሰሪያው ላይ እንዲያልፍ አደረጉት፤ ማጣበቂያው ቢለቅ ካሜራው ተንጠልጥሎ እንዲቀር ነው። ካላማዳሪያ የጣሊያንኛው «ካሜራ ዳሪያ»፣ የአየር ክፍል ማለት ነው፤ የእኔም ካሜራ ስሙን ያገኘው ከዚያው ክፍል ከሚለው የላቲን ቃል መሆኑ በዚያች ሰዓት ትዝ ብሎኝ ለእሳቸው ነገርኳቸው። ደስ ብሏቸው ቃሉን ሁለት ጊዜ ደገሙት። ከዚያ ሄልሜቱን በአልኮል ጠርገን፣ የኮምቦልቻ ፀሐይ ካሞቀው በኋላ ማሰሪያውን ተጭነን ለጠፍነው። ያለ ሄልሜት መንዳት ስለማልፈልግ ሞተሩንም ሄልሜቱንም እሳቸው ዘንድ ትቼ በሚኒባስ ወደ ደሴ ልመለስ ሆነ። ስንት ልክፈል ብላቸው «ለካላማዳሪያ ቁራጭ? አብሽር፣ ሂድ፣ ለአባትህ ድረስለት» ብለው ቡና አስፈሉልኝ። የፒያሳው 1,900 ብር ከውስጤ የቀለለው እዚያ ነው።

በማግሥቱ ደሴ ውስጥ ዋልኩ፤ ድምፁን ያስተካከልኩት በዚያን ቀን ነው። ሂሮ 9 የውጭ ማይክ ለመቀበል ለብቻው የሚሸጥ መግጠሚያ ይፈልጋል፣ እኔ ደግሞ አልነበረኝም። ስለዚህ ከስልኬ ጋር የሚሠራ ባለ ገመድ ትንሽ ማይክ በስፖንጅ ጠቅልዬ፣ ነፋስ በማይደርስበት ከመቀመጫው ሥር ለማስቀመጥ ወሰንኩ፤ ስልኩ ጃኬቴ ኪስ ውስጥ ድምፅ ብቻ ይቀዳል። ሁለቱንም ካስነሳሁ በኋላ ካሜራው ፊት አንድ ጊዜ አጨበጭባለሁ፤ በኋላ ድምፁንና ምስሉን የማገጥመው በዚያች ጭብጨባ ነው።

ከሁለት ሌሊት በኋላ ኮምቦልቻ ስደርስ ማሰሪያው በእጄ ብጎትተውም ንቅንቅ አላለም። ሞተሩን ይዤ ደሴ ወጣሁና ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት ለመውረድ ተዘጋጀሁ። በዚህ ሰዓት ፀሐይ በቀኝ በኩል ትሆናለች፤ ከዚህ በላይ ቢዘገይ ደግሞ በምዕራብ ያለው ጦሳ ከተማዋን ቶሎ ጥላ ያለብሳታል። ሄልሜት ያጠለቀ ሰው አገጩ ላይ ያለ ካሜራ ወዴት እንደሚያይ ራሱ ሊያይ አይችልም፤ እኔ ግን ወደ ስፖኪዮው ጎንበስ ስል የካሜራው የፊት ስክሪን በመስታወቱ ውስጥ ታየኝ። መሪው ከታች እስኪገባ፣ ሰማዩም ከምስሉ ሲሶ እንዳይበልጥ አድርጌ አስተካከልኩት። አጨበጨብኩ፣ ወረድኩ።

ስለ ቁልቁለቱ ብዙ አልናገርም፤ ቀረጻው ይናገራል። ጭጋጉ ጠርቶ የኮምቦልቻ ሜዳ ከነፋብሪካዎቹ ጣሪያ ይታይ ነበር። ሐዋሳ ላይ መንገዱ ቀጥ ያለ ስለሆነ ዓይኔ ሰነፍ ሆኖ ኖሯል፤ እዚህ ግን ከኩርባው ቀድሞ መሄድ ነበረበት፣ ካሜራውም አብሮት ዞረ። ኮምቦልቻ ስገባ ቆሜ ቀረጻውን ስለቀጠልኩ ካሜራው በሙቀት ራሱን አጠፋ፤ እነዚህ ካሜራዎች የሚቀዘቅዙት በሚነፍሰው አየር ስለሆነ ሲቆሙ ማጥፋት ያስፈልጋል።

ቴሌግራም ያለ ክፍያ በአንድ ፋይል እስከ 2 ጊጋባይት ስለሚቀበል፣ ጥራቱ ሳይቀነስ እንዲደርስ ከቀረጻው አሥራ ሁለት ደቂቃ በየአራት ደቂቃ ቆርጬ እንደ ፋይል ላክሁት። ጭነቱ ሌሊቱን ሙሉ ፈጀ። ጠዋት አባቴ ደወለ። ሰላምታ እንኳ አላስቀደመም።

«በሁለተኛ ማርሽ ነው የወረድከው፤ ጥሩ ነው» አለኝ። «ግን ያቺ ወደ ግራ የምትጠመዘዘዋ ላይ ክላክስ አላደረግክም። ከታች ተሳቢ ቢመጣብህስ?»