ዘንቢል አንጠልጥሎ በእግር

ቅዳሜ ጠዋት መኪናዬን ግቢ ትቼ፣ ዘንቢል አንጠልጥዬ ወደ ሾላ ገበያ እወርዳለሁ። በእግር ሃያ ደቂቃ ቢሆን ነው፤ እኔን ግን ሁለት ሰዓት ይፈጅብኛል፣ ምክንያቱም በየደረስኩበት እቆማለሁ። መጀመሪያ መታጠፊያው ላይ ጉሊት ያላቸው እናት ጋ። ቲማቲሙን በመደብ በመደብ ደርድረውታል።

"ለዛሬ ነው ለነገ?" ይሉኛል። ለዛሬ ካልኩ የበሰለውን፣ ለነገ ካልኩ ጠንከር ያለውን ይመርጡልኛል። የትኛው ሱፐርማርኬት ነው እንዲህ ብሎ የሚጠይቅ? ባለፈው ከአንዱ የታሸገ ድንች ገዝቼ ግማሹን ጥያለሁ።

"እማማ፣ ምራቂስ?"

"አንተ ልጅ መቼም አትጠግብ!" እያሉ ሁለት ቃሪያ ጣል ያደርጉልኛል።

ሾላ ስደርስ ደግሞ ቅቤ አለ። ሻጯ ጥፍር የምታህል ቆንጥራ እጄ ጀርባ ላይ ትቀባኛለች፣ አሽትቼ ለጋውን ከበሳሉ እለያለሁ (እውነቱን ለመናገር አንዳንዴ አዋቂ መስዬ ነው)። ክረምት ላይ ጭቃው አይጣል ነው፣ አልዋሽም።

ስመለስ ሰፈራችን ሱቅ ጨው እገዛለሁ። ብሩ ካለቀብኝ ባለሱቁ "ነገ ታመጣዋለህ" ብሎ የዱቤ ደብተሩን ይገልጣል። አሁንም የሳሙና አለብኝ።