ጭልጋ ሦስት ጊዜ ያመላለሰኝ ወረቀት

ማንም አስቀድሞ ስላልነገረኝ ነው ይህን የምጽፈው። እህቴ ስታርፍ የ7 ዓመት ልጇን ከጭልጋ ጎንደር አመጣሁት። አባቱም ቀድሞ ሞቷል። እኔ የምተዳደረው በአንዲት የልብስ ስፌት መኪና ነው። ቢሆንም የመንግሥት ትምህርት ቤት አለ፣ ጤና ጣቢያ አለ፣ የጤና መድን አለ ብዬ ተጽናናሁ። እውነትም ሁሉም አለ። ግን ሁሉም ጋ ስሄድ መጀመሪያ የጠየቁኝ የልደት ምስክር ወረቀት ነው።

ፎቶው፣ ኮፒው፣ የኔ መታወቂያ በአንድ ቀን አለቀ። የተያዝኩት ልደትና ሞት የሚመዘገብበት ወሳኝ ኩነት ቢሮ ላይ ነው።

«ወላጅ ይቅረብ» አለኝ ሠራተኛው። ሁለቱም የሉም አልኩት። «እንግዲያው የሁለቱንም የሞት ማስረጃና የልጁን መሸኛ ያምጡ፣ እናቴ።»

ከአዘዞ ተሳፍሬ የጭልጋዋ ከተማ አይከል ወረድኩ። ሞታቸው አልተመዘገበም። ቀብረናል፣ ተዝካር አውጥተናል፤ ቀበሌ ሄዶ ማስመዝገብ ግን ማናችንም አላሰብንም። ለምስክሮች ቀጠሮ ይዤ ባዶ እጄን ተመለስኩ። በሁለተኛው ጉዞ ሦስቱንም ወረቀት አወጣሁ። ደስ ብሎኝ በፌስታል ጠቅልዬ አመጣሁት።

ሠራተኛው ወረቀቶቹን ጎን ለጎን አስቀመጠ። የአባትየው ስም አንዱ ላይ በ«ኃ»፣ አንዱ ላይ በ«ሀ» ነው የተጻፈው። ሲነበብ አንድ ነው! «ይስተካከልና ይምጡ» ብሎ መለሰልኝ። መስከረም ገብቷል። የሰፈር ልጆች ዩኒፎርም ለብሰው ሲያልፉ የኔው ልጅ ደጃፍ ላይ ቁጭ ብሎ ያያቸዋል። በዚያው ሳምንት የሳንባ ምች ያዘው። መድኑ ላይ ስላልገባ 1,400 ብር ከኪሴ ወጣ። የወሩ የቤት ኪራይ ነበር።

በዚያ ሠራተኛ አሁንም እናደዳለሁ። በራሴ ግን ይብስብኛል። አይከል ሲጽፉልኝ ፊት ለፊታቸው ቆሜ ነበር። ፊደል የቆጠርኩ ሴት፣ አንድ ጊዜ እንኳ ሳላነበው አጥፌ ከተትኩት።

ደግሞ ሕጉን አላውቅም ነበር። አዋጅ ቁጥር 760/2004 ወላጅ ከሌለ አሳዳጊው፣ እሱም ከሌለ ልጁን የያዘው ሰው ያስመዝግብ ይላል። ይህን የነገረችኝ የሰፈራችን ጤና ኤክስቴንሽን ናት። ስሙን አስተካክዬ ከሦስተኛው ጉዞ ስመለስ ወሳኝ ኩነት አብራኝ ገብታ «ይህን ቤት አውቀዋለሁ» ስትል ነገሩ በአንድ ጠዋት አለቀ። እንግዲህ መጀመሪያ እሷን ያዙ። መክፈል የማይችሉትን ለመድን የሚለየው ቀበሌው ቢሆንም የትኛው ቤት ምን እንደጎደለ የምታውቀው እሷ ናት።

ሌላው፣ ወረቀቱ እስኪያልቅ ልጁን ቤት አታስቀምጡ። የትምህርት ቤቱ ማስታወቂያ ያለ ልደት ካርድ አንመዘግብም ይላል። እናንተ ልጁን እጁን ይዛችሁ ርዕሰ መምህሩ ጋ ግቡ። እኔ ዘግይቼ ገባሁ፤ ፈርሜ፣ ወረቀቱን በኋላ አመጣለሁ ብዬ ያን ዕለት ክፍል አስገቡልኝ። አንድ ወር ሙሉ ደጃፍ ላይ ያስቀመጥኩት በከንቱ ነው።

ባለፈው ጎረቤቴ ወለደች። የልደት ምዝገባ ጊዜው 90 ቀን ነው። አራስነቷን እንደጨረሰች ጤና ጣቢያ የሰጣትን ማሳወቂያ አስይዤ ወሰድኳት። ስትፈርም እኔ ሕፃኑን አቅፌ ስሙን ፊደል በፊደል አነበብኩ።