አራፍ

ዌልስ ውስጥ ቴንቢ ከምትባል የባሕር ዳር ከተማ አጠገብ ያለው የባለቤቴ ቤተሰቦች የእረፍት ቤት ከገባን ዛሬ ሦስተኛ ቀናችን። ወደ ሰፈሩ መግቢያ አስፋልቱ ላይ በትልልቅ ነጭ ፊደል «አራፍ» ተብሎ ተጽፏል። በዌልስኛ «ቀስ በል» ማለት ነው። እኔ ግን ባየሁት ቁጥር እማዬ ከደጃፍ ሆና «አረፍ በል እንጂ ልጄ!» የምትለኝ ይመስለኛል።

ይህንኑ ለጎረቤታችን ሽማግሌ ብነግራቸው ከት ብለው ሳቁ። «አራቭ ነው የሚባለው፤ በእኛ አንድ ኤፍ እንደ ‹ቭ› ነው የምትነበበው» ብለው አረሙኝ። ከዚያ መንገዱን በጣታቸው እየጠቆሙ ቤት ይቆጥሩልኝ ጀመር። «ይሄ የለንደን ሰዎች፣ ያ የበርሚንግሃም... ብርዱ ሲገባ መብራት የሚበራው ሦስቱ ጋ ብቻ ነው።» (እ.ኤ.አ. ከ2023 ወዲህ የዌልስ ማዘጋጃ ቤቶች እንዲህ ባለ ሁለተኛ ቤት ላይ እስከ 300 በመቶ ተጨማሪ ግብር መጣል ይችላሉ። አማቴን ስለዚህ አታንሱባቸው!)

የእኛ ቤት ጋ ሲደርሱ ጣታቸውን አጠፉና ስለ ዝናቡ ማውራት ጀመሩ። ይሉኝታ እዚህም አለ ለካ።