ሐምሌ ከሐምሌ ሥር

ዛሬ ቀኑን ሙሉ ከአራት ግራፎች ጋር ዋልኩ። ዝናብ፣ ወደ ሐዋሳ ሐይቅ የሚገባው የጥቁር ውሃ ወንዝ ፍሰት፣ ትነትና የሐይቁ ከፍታ። ለየብቻ ሠርቼ ከጨረስኳቸው ቆይቻለሁ። አማካሪዬ ግን "አራቱንም በአንድ ገጽ አምጪልኝ" አሉኝ። የአሥር ደቂቃ ሥራ መስሎኝ ነበር።

የምሠራው አር በሚባለው የስታቲስቲክስና የግራፍ ፕሮግራም ነው። መጀመሪያ የያዝኩት ከዲግሪ ጊዜዬ የማውቀውን ፓር የሚባለውን ትእዛዙን ነው። ገጹን ሁለት በሁለት ክፈልልኝ አልኩት። አር ስህተት ነው አላለኝም። ግራፎቹ ግን እያንዳንዳቸው ሙሉ ገጽ ይዘው መጡ። ግማሽ ቀኔ እዚህ ላይ አለቀ። ለካ ፓር የሚያዘው የአርን ነባር የግራፍ አሣሣል ብቻ ነው። የእኔ ግራፎች ጂጂፕሎት 2 በሚባል የአር ተጨማሪ ጥቅል የተሠሩ ናቸው፤ እሱ ደግሞ የቆመው ግሪድ በሚባል ሌላ ሥርዓት ላይ ነው። ሁለቱ አይደማመጡም።

ከዚያ ግሪድ አሬንጅ በሚለው ትእዛዝ ወደ ታች ደረደርኳቸው። ገጹ ላይ ገቡ፣ ግን አንድ ነገር ዓይኔን ቆረቆረኝ። የሐይቁ ከፍታ ከባሕር ጠለል በላይ ስለሚጻፍ በግራ በኩል ያለው ቁጥር ረጅም ነው። የትነቱ አጭር ነው። ረጅሙ ቁጥር ሥዕሉን ወደ ቀኝ ገፍቶታል። የዝናቡ ሐምሌና የሐይቁ ሐምሌ ተዛነፉ። እንዲህ ያለ ገጽ አንባቢን ያሳስታል፤ አራቱን ለየብቻ ማየት ይሻላል።

መፍትሔው ፓችወርክ የሚባል ሌላ የአር ጥቅል ሆነ፣ የቶማስ ሊን ፔደርሰን ሥራ። በሁለት ግራፎች መሃል የመደመር ምልክት ስታደርጉ ጎን ለጎን ይሆናሉ፣ እዝባር ስታደርጉ አንዱ ከሌላው ሥር ይገባል። የቁጥሩ ርዝመት ምንም ይሁን ምን ሥዕሎቹን ራሱ ያስተካክላል። አራቱን በእዝባር አያያዝኳቸው። ሐምሌ ከሐምሌ ሥር ገባ።

ያኔ ነው ያየሁት። ዝናቡ ከፍ ብሎ ሲወርድ ሐይቁ ገና እየጨመረ ነው። ሐይቁ የሚወጣበት ወንዝ የለውም። የሚገባው ውሃ ከሚተነው እስኪያንስ ድረስ ይሞላል፣ ዝናቡ ቢያባራም። አባቴ ከሐይቁ ዳር፣ አሞራ ገደል፣ ዓሣ ሲያወጣ ነው ያሳደገን። "ሐይቁ የሚሞላው ሰማዩ ሲጠራ ነው" ሲል ልጅ ሆኜ ሰምቼዋለሁ፣ ነገሬም አላልኩት። ዛሬ ወረቀቴ ላይ አገኘሁት። ዓይኔ እንባ ሞላ።

የቀረው ሥራ ቀላል ነበር፣ ከአንዱ በቀር። ግራፎቹን ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ ብዬ ሰየምኳቸው። ፒዲኤፉ ላይ ፊደሎቻችን ጠፍተው ነጥብ ብቻ ታየ። የተለመደው የፒዲኤፍ ትእዛዝ ግዕዝን አያውቅም። ካይሮ ፒዲኤፍ በሚለው ቀየርኩት፣ ወረቀቱንም 210 በ297 ሚሊሜትር አልኩት። ፊደሎቹ ቁጭ አሉ።

ሁለት ኮፒ አሳትማለሁ፤ አንዱ ለአማካሪዬ፣ አንዱ ለአባቴ።