9.5 ሳንቲሜትር

አባይ በረሃ፣ ከጎሐ ጽዮን ወደ ደጀን በሚወስደው መንገድ ላይ ነበርን። እዚያ መሬቱ ይንሸራተታል፤ አስፋልቱም እየተሰነጠቀ ያስቸግራል። ሰርቬየሩ ተዳፋቱ ላይ የተተከሉትን ነጥቦች በጂፒኤስ ይለካል። እኔ ደግሞ ከመጀመሪያው ቦታቸው ምን ያህል እንደራቁ በኤክሴል አሰላለሁ።

ቀመሩ ከድሮ ደብተሬ ነው። የሁለቱ ቦታዎች የኬክሮስና የኬንትሮስ ሳይንና ኮሳይን ይባዛል፣ ይደመራል፣ አርክኮሳይን (ከኮሳይን ወደ ማዕዘን የሚመልሰው) ይወሰድለታል፣ ከዚያ በመሬት ሬዲየስ፣ በ6,371 ኪሎሜትር፣ ይባዛል። ሁለት ሳምንት ሙሉ ውጤቱ ዜሮ ሆነ። አንድ ማታ ግን አንዱ ነጥብ 9.5 ሳንቲሜትር፣ ሌላው 13.4 አለኝ። ላብ በላብ ሆንኩ። ለተቆጣጣሪው መሐንዲስ ደወልኩ፤ መንገዱ በግማሽ ተዘጋ። የከባድ መኪና ሾፌሮች እስኪነጋ ሲረግሙን አደሩ።

ጠዋት ሰርቬየሩ ወረቀቴን አይቶ ሳቀ። «ወንድሜ፣ ይሄ ተራራ ወይ ዜሮ፣ ወይ 9.5፣ ወይ 13.4 ነው። መርጦ ነው እንዴ የሚሄደው?»

እውነቱን ነው። ሌላ ቁጥር የለም።

ላፕቶፑ ላይ ስፒድክራንች የሚባል ነፃ ካልኩሌተር ነበረው። እስከ 50 አሃዝ ያሰላል። መጀመሪያ ሁለቱን የማዕዘን መለኪያዎች፣ ዲግሪና ራዲያን፣ አደበላልቀን የማይረባ ነገር አወጣን። ስናስተካክለው የመጀመሪያው ነጥብ 3.1 ሳንቲሜትር ሆነ።

ወደ አርክኮሳይኑ የገባውን ቁጥር ለብቻው አየነው። ዜሮ ነጥብ፣ 16 ዘጠኞች ተደርድረው፣ ከዚያ 8። ኤክሴል የሚያሳየው 15 አሃዝ ነው፤ በውስጡ የሚይዘውም ከዚያ ብዙም አይርቅም። ስለዚህ ያንን ቁጥር ወይ 1 ያደርገዋል፣ ወይ ከ1 በታች ወዳለው ወደሚቀጥለው ቁጥር ይጥለዋል። ያቺ አንዲት እርከን መሬት ላይ ስትወርድ 9.5 ሳንቲሜትር ናት። ሁለት እርከን ደግሞ 13.4።

በኤክሴል አልፈርድም፤ ጥፋቱ የቀመሩ ምርጫ ነው። በኬክሮስና በኬንትሮስ ልዩነት ግማሽ ሳይን የሚሠራውን ሃቨርሳይን የሚባል ቀመር ብጠቀም ኖሮ እሱም 3.1 ይለኝ ነበር።

ለመሐንዲሱ ደውዬ አስረዳሁት። ደስ ይለዋል ብዬ ነበር። ትንሽ ዝም አለና «እሺ፣ 9.5ቱ ውሸት ነው። ሁለት ሳምንት ሙሉ ዜሮ ያልከኝስ?» አለኝ።

ላፕቶፑን መልሼ ከፈትኩት።